ደጅ ጥናት ወይስ ሥራ ፍለጋ?

በዚህ እትም የምንነጋገረው ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ የምስክር ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቤት ስለ ተቀመጡ ወገኖቻችን ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ፣ የቢሮ ሥራ የሚፈልጉ ብዙ ወጣቶች "ራሴ ሄጄ ልጠይቅ ወይስ ልጠብቅ?" እያሉ ይጨነቃሉ። አንዳንዱ "ጌታ ካለ በሩን ራሱ ይከፍተዋል" ብሎ ይቀመጣል። አንዳንዱ ያፍራል። አንዳንድ ባሎችም "ሚስቱ በየቢሮው ትዞራለች" መባልን ይፈራሉ።

ይህ ኀፍረት ሥር አለው። በአገራችን ደጅ ጥናት የቆየ ልማድ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ከሆኑ በኋላም፣ ከእርሳቸውም በፊት፣ ሹመት ወይም ፍርድ የሚሻ ሰው በጌቶች ደጅ ወራትና ዓመታት ይጠና ነበር። አማላጅ ይፈልጋል፣ እጅ መንሻ ይዞ ይቀርባል። ዘመኑ ቢያልፍም "በር ማንኳኳት ልመና ነው" የሚለው ስሜት በውስጣችን ቀርቷል። ሆኖም ሙያን ይዞ ቀርቦ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ሩትን ተመልከቱ። በቤተ ልሔም እንግዳ፣ ሞዓባዊት ነበረች። ነገር ግን ቤት ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። አስቀድማ ከኑኃሚን ጋር ተነጋገረች፤ ከዚያም ወደ እርሻው ሄዳ በአጫጆቹ ላይ የተሾመውን ሰው ራስዋ ጠየቀች (ሩት 2፥2-7)። ነህምያም እንዲሁ ነው። ወራት ጸለየ፤ ንጉሡ ሲጠይቀው ግን የሚፈልገውን ጊዜ፣ ደብዳቤና እንጨት ለይቶ ተናገረ (ነህምያ 2፥1-8)። ጸሎቱ አፉን ከፈተለት እንጂ አልዘጋውም።

ታዲያ የትኛውን በር እናንኳኳ? በወረዳ መሥሪያ ቤት ቅጥር የሚፈጸመው በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ፣ በምዝገባና በውድድር ነው። ኃላፊውን "ቅጠሩኝ" ማለት ደንብ እንዲጥስ መጠየቅ ይሆናል። እዚያ በአካል የምትሄዱት የማስታወቂያ ሰሌዳውን ለማንበብ፣ የምዝገባውን የመጨረሻ ቀን ለመጠየቅና ዋናውን ማስረጃ ከኮፒው ጋር ይዞ ለመመዝገብ ነው። የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅም ብዙውን ጊዜ ራሱ አይቀጥርም፤ ቅጥሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይመጣል። በቀጥታ ሄዶ መጠየቅ ይበልጥ የሚጠቅመው በግል ትምህርት ቤቶች፣ በክሊኒኮች፣ በነጋዴዎች ቢሮና በመሳሰሉት ዘንድ ነው።

ጊዜውንም ምረጡ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በሰኔ መጨረሻ የሒሳብ ክፍሎች ፋታ የላቸውም። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ይጀምራል። በገበያ ቀንም ባለጉዳይ ይበዛል። በንጹሕ ልብስ፣ በጠዋት ሂዱ። ንግግራችሁ አጭር ይሁን፦ "እንደምን አደሩ። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አለኝ፤ የብቃት ምዘናም አልፌአለሁ። ሠራተኛ የምትፈልጉ ከሆነ ማመልከቻዬን ለማን ላስገባ?" መዝገብ ቤት ካለ ማመልከቻውን እዚያ አስገቡና ቁጥሩንና ቀኑን ያዙ። ጸሐፊዋንም ጥበቃውንም እንደ ኃላፊው አክብሩ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ስማችን ከእኛ ቀድሞ ቢሮ ይደርሳል። ቦዔዝም የሩትን መልካም ሥራ አስቀድሞ ሰምቶ ነበር (ሩት 2፥11)።

በዚህ አካባቢ ወንጌላውያን አማኞች ጥቂት ነንና "ሃይማኖቴን ካወቁ አይቀጥሩኝም" የሚል ስጋት አለ። በሃይማኖት ምክንያት ማዳላትን ሕጉ ይከለክላል። እኛም ማንነታችንን አንካድ፤ በሥራ ጥያቄ ላይም ስብከት አንጀምር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም "ልጃችንን ቅጠሩልን" ብሎ እንዲደውል አንጠይቅ። ስለ ጠባያችን ሲጠየቅ እውነቱን ቢመሰክር ይበቃል። ጉቦ የጠየቀ ካለ በሩን ትተነው እንውጣ (ዘጸአት 23፥8)።

እህቴ ሆይ፣ ኃላፊው "ከሥራ ሰዓት በኋላ ለብቻሽ ነይ" ቢልሽ አትሂጂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ለባልሽ ወይም ለምታምኛት እናት ንገሪ። ባል ሆይ፣ ሚስትህ ይህን ስትነግርህ "አንቺ ምን አድርገሽ ነው?" አትበላት። እንዲህ ካልካት ሁለተኛ አትነግርህም።

የግል ድርጅት ከቀጠራችሁ ውላችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ በዚሁ አዋጅ መሠረት አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ፣ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔትም ለወራት ሲቋረጥ አይተናል። ከቢቸና ወደ ሞጣ ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ከመነሣታችሁ በፊት ስለ መንገዱ አጣሩ። ከነፍስ የሚበልጥ ሥራ የለም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ሥራ ፈላጊው ከቤት ሲወጣ አብራችሁ ጸልዩ። ባዶ እጁን ሲመለስ ደግሞ "ዛሬስ ምን አሉህ?" ከማለታችሁ በፊት ቡና አፍሉለት። "የለም" የተባለ ሰው ቤቱ ሲገባ ሁለተኛ "የለም" ሊሰማ አይገባውም። በማግስቱ ወደ ሌላ ቢሮ የሚያስኬደው ጉልበት ከዚያ ቤት ነውና የሚገኘው።

ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።