ሲቪል ለብሶ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» የሚለው ማነው? ዲላ ላይ ሆናችሁ ማወቅ ያለባችሁ

እስቲ አስቡት። ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። ዲላ መናኸሪያ አካባቢ ከባጃጅ ወርዳችሁ ወደ ሰፈር እየገባችሁ ነው። ሁለት ሰዎች ከኋላ ይመጣሉ። ዩኒፎርም የለም፣ የፖሊስ መኪና የለም። አንዱ ክንዳችሁን ያዝ አድርጎ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፣ ና» ይላል። ምን ታደርጋላችሁ?

አንዱ «ዝም ብሎ መሄድ ነው እንጂ ከመንግሥት ጋር ምን ያጣላል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሌባ ቢሆንስ? በቦክስ ነዋ!» ይላል። ሁለቱም መልስ አደገኛ ነው። ዝም ብላችሁ ስትሄዱ ሰውየው ቀማኛ ወይም አጋች ሊሆን ይችላል። ስትማቱ ደግሞ እውነተኛ ፖሊስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ ነገሩ ክስ ወይም ጥይት ነው።

ፍርሃቱ ከምንም ተነስቶ የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ግንቦት 2015 መጨረሻ ላይ ባወጣው መግለጫ፣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ሰዎች ዩኒፎርም በለበሱም ሲቪል በለበሱም የጸጥታ ሰዎች እየተወሰዱ የት እንደገቡ ሳይታወቅ መቆየታቸውን ገልጾ ነበር። ሚያዝያ 2016 ደግሞ የኦነግ ፖለቲከኛው በቴ ኡርጌሳ መቂ ከተማ ካረፈበት ሆቴል በምሽት ተወስዶ በማግስቱ ተገድሎ ተገኘ። ቤተሰቡ የወሰዱት የመንግሥት ጸጥታ ሰዎች ይመስላሉ አለ፤ የኦሮሚያ ክልል መንግሥት እጄ የለበትም አለ። ወሳጁ ማንነቱን ሳይናገር ሲወስድ ጥያቄው እንዲህ ሳይመለስ ይቀራል።

እኛ ጋ ደግሞ የራሳችን ትዝታ አለ። መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ በዲላ፣ በይርጋጨፌና በአካባቢው በተነሳው ግጭት ጌዴኦ ዞን ውስጥ ብቻ 34 ሰው መሞቱን ኢሰመኮ ለፓርላማ ሪፖርት አድርጓል። በዚያው ሰሞን በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ማሰር ተፈቀደ። በመጀመሪያው ወር ብቻ በአገሪቱ 11,607 ሰው መታሰሩን መርማሪ ቦርዱ ተናገረ። አዋጁ 10 ወር ገደማ ቆይቶ ተነሳ። «ማዘዣ ምን ያደርጋል፣ ና ስትባል ና» የሚለው አመለካከት ግን ከብዙ ሰው ጭንቅላት አልተነሳም። አዋጅ በሌለበት ጊዜ የሚሠራው መደበኛው ሕግ ነው። ስለዚህ እሱን እንየው።

ሲቪል መልበስ ወንጀል ነው?

አይደለም። ሌባ ለመከታተልም ሆነ ወንጀል ለመመርመር ፖሊስ ሲቪል ሊለብስ ይችላል። ማዘዣ አለመያዙም ብቻውን እስሩን ሕገወጥ አያደርገውም። ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 49 ላይ መያዝ በማዘዣ ነው ይላል፤ ግን አንቀጽ 50 እና 51 ላይ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው፣ ወይም ከአንድ ዓመት በማያንስ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል በበቂ ምክንያት የተጠረጠረ ሰው ያለ ማዘዣ ሊያዝ ይችላል። ማዘዣ ካለ ደግሞ ፖሊሱ ሊያነብላችሁ፣ ከጠየቃችሁም ሊያሳያችሁ ይገባል (አንቀጽ 56)።

በማዘዣም ሆነ ያለ ማዘዣ የማይቀር አንድ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያውኑ፣ በሚገባው ቋንቋ የማወቅ መብት አለው ይላል። «በሚገባው ቋንቋ» የሚለውን እኛ ጋ ልብ በሉት። ከቡሌ የመጣ፣ ጌዴኡፋ ብቻ የሚናገር አባት በአማርኛ ተጮኾበት ቢወሰድ ተነግሮታል ማለት አይቻልም።

ዝም የማለት መብትም እዚያው አንቀጽ ላይ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብም እንደዛው። ከ48ቱ ውጪ የሚታሰበው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ከገደብም ሆነ ከኮቸሬ ዲላ ለመድረስ ቀናት አይፈጅም። አርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተያዘ ሰው እሁድ 10 ሰዓት ላይ 48 ሰዓቱ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ «ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም» አላለም።

ስልክስ? አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ይደነግጋል። ስለዚህ መንገድ ላይ «ቴሌግራምህን ክፈት» ስትባሉ «የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።

እና ራስን መከላከልስ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ጥቃቱ ሕገወጥ መሆን አለበት። አሁን የሚደርስ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል መሆን አለበት። የምትወስዱት እርምጃም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሕጉ አይሸፍናችሁም።

ሰውየው እውነተኛ ፖሊስ ከሆነና እስሩ ሕጋዊ ከሆነ፣ እናንተ ንጹህ ብትሆኑም በጉልበት መቃወም ሌላ ወንጀል ይሆንባችኋል። ፖሊሱም የተመጣጠነ ኃይል መጠቀም ይችላል። ቀማኛ ከሆነ ግን አንቀጽ 78 ከእናንተ ጋር ነው። ችግሩ በዚያች ደቂቃ የቱ እንደሆነ አለማወቃችሁ ነው።

ሕጉ ይሄንንም አስቦበታል። አንቀጽ 80 ላይ በፍሬ ነገር ተሳስቶ አንድ ድርጊት የፈጸመ ሰው የሚዳኘው እውነት ነው ብሎ ባመነበት ሁኔታ መሠረት ነው ይላል። ስህተቱ በቸልተኝነት የመጣ ከሆነ ግን ተጠያቂነት ሊኖር ይችላል። ፍርድ ቤት ቀርባችሁ «ፖሊስ መሆኑን አላወቅኩም» ብትሉ፣ ዳኛው የሚጠይቃችሁ «ጠይቀኸው ነበር ወይ?» ብሎ ነው።

ለዚህ ነው ከቡጢ በፊት ጥያቄ የሚቀድመው። ሰው በሚሰማበት፣ ከፍ ባለ ድምፅ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ «ማነህ? መታወቂያህን አሳየኝ። ለምንድነው የምትይዘኝ? የትኛው ጣቢያ ነው የምንሄደው?» ፖሊስ ከሆነ መልስ አለው። ቀማኛ ከሆነ ጩኸት አይፈልግም። መልስ ሳይሰጣችሁ ቢጎትታችሁ ደግሞ ባለሱቁና የባጃጁ ሹፌር ምስክሮቻችሁ ናቸው።

ከዚያ በኋላ፦

መታወቂያ ካሳየ አትሩጡ፣ አትማቱ፣ ወደ ወገቡ እጃችሁን አትስደዱ። «እሺ፣ ጣቢያው ድረስ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ግን ለቤተሰብ ልደውል» በሉ። አጠገባችሁ ያለ ሰው ስማችሁንና የምትሄዱበትን ጣቢያ እንዲይዝ ንገሩት።

መታወቂያ እምቢ ብሎ ወደማታውቁት መኪና ቢገፋችሁ ጩኹ፣ ሰው ወዳለበት ሂዱ፣ እጃችሁን አስለቅቁ። ዓላማው ማምለጥ ነው። ካመለጣችሁ በኋላ ተመልሶ መምታት ግን መከላከል አይደለም፣ በቀል ነው። ሕጉም እንደዛ ነው የሚያየው።

ቪዲዮ የሚቀርጽ ካለ ራቅ ብሎ ይቅረጽ። ቲክቶክ ላይ ከመለጠፉ በፊት ለቤተሰብና ለጠበቃ ይድረስ። ማስረጃ እንጂ ቫይራል አይደለም የምንፈልገው።

«ሌባ! ሌባ!» ከማለታችን በፊት

አንድ አደጋ ግን አለ። ተጠርጣሪ እንግዳ ሲታይ ሕዝብ ተሰብስቦ «እንግደለው» ማለት ይጀምራል። በ2011 መጀመሪያ አማራ ክልል ሜጫ ወረዳ አዲስ ዓለም ላይ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ልጆችን ሊጎዱ ነው በሚል ወሬ በሕዝብ ተደብድበው ሞተዋል። ማንነቱ ያልታወቀ ሲቪል ለባሽም እንደዚህ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ መታወቂያ ማሳየት የሚጠቅመው ተያዡን ብቻ አይደለም፤ ፖሊሱ ራሱ ለልጆቹ እንዲገባ ይረዳዋል።

ናይጄሪያ ላይ ምን እንደሆነ ታስታውሱ ይሆናል። ሳርስ የሚባለው ልዩ የፖሊስ ቡድን ሲቪል ለብሶ ወጣቱን እያስቆመ ስልክና ገንዘብ ይበረብር ነበር። ፖሊስና ዘራፊ መለየት ሲያቅት ወጣቱ አደባባይ ወጣ፤ ጥቅምት 2020 በፈረንጆቹ ቡድኑ ፈረሰ። ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው።

እኛም ጋ ሰኔ 2017 ፓርላማው ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን ለመከላከል ያጸደቀው አዋጅ፣ በሽፋን ለሚሠራ መርማሪ ከግድያ በቀር ለሌሎች ወንጀሎች ከለላ መስጠቱ ብዙ አነጋግሯል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ግን አንድ ነገር እንለይ፦ ያ አዋጅ የሚያወራው ስለ ምስጢራዊ ምርመራ ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ይዞ «ማንነቴን አልናገርም» ለማለት ፈቃድ አይደለም። ከሕግ ውጪ ሰው የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

ሰው ከተወሰደባችሁ

ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሰዎቹን ሁኔታና የመኪናውን ታርጋ ወዲያው ጻፉ። ጣቢያ ሄዳችሁ ስሙ መዝገብ ላይ መኖሩን ጠይቁ። «የለም» ከተባላችሁ ወደ ዞን ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ ሂዱ። የታሰረን ሰው ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት አንቀጽ 21 ይፈቅዳል። 48 ሰዓት ካለፈ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። ለጠበቃ አቅም የሌለው የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትን ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ። ኢሰመኮም ሐዋሳ ቅርንጫፍ አለው።

ለዲላ ከተማና ለጌዴኦ ዞን ፖሊስ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። የቡና ወቅት ሲመጣ ገንዘብ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ይበዛል፤ በፖሊስ ስም መቀማት የሚፈልግም አይጠፋም። «ሲቪል የለበሰ አባላችን መጀመሪያ መታወቂያ ያሳያል፣ የጣቢያውን ስም ይናገራል፤ ያላሳየ ካጋጠማችሁ በዚህ ስልክ ደውሉ» ብሎ በይፋ ማሳወቅ ምን ይከብዳል? በጀት አይጠይቅም፣ አዲስ ሕግም አይጠይቅም። መታወቂያ ከኪስ ማውጣት 5 ሰከንድ አይፈጅም።

እስከዚያው ሦስቱን ጥያቄዎች ለታናሽ ወንድምና እህታችሁ አስጠኗቸው። ማነህ? ለምን? ወዴት?