ስለ ቤት ሙቀትና ስለ ሙቅ ውሃ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በሙቅ ውሃ ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ ባያደርጉ ኖሮ፥ ከተማዪቱ ዛሬ ባለችበት ስፍራ ላትገኝ ትችል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ማገዶ ከአካባቢው እያለቀ ስለ ሄደ፥ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ማገዶ ስለ ሰጠ ግን ከተማዪቱ ሳትፈታ ቀረች። እንግዲህ የቤት ሙቀትና የሙቅ ውሃ ነገር የጓዳ ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ ይኸውም 5,150 ሜጋዋት ኃይል እንዲሰጥ የተሠራው ግድብ ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ውሃውን በኤሌክትሪክ ቢያሞቅ ይበቃዋል የሚል አሳብ ይሰማል። አሳቡ ከፊሉ እውነት ነው፤ ከእንጨትና ከከሰል ኤሌክትሪክ እንደሚሻል የሚክድ የለም። ነገር ግን ኃይሉ ከጉባ ተነሥቶ እስከ መታጠቢያ ቤት የሚደርሰው በሽቦና በየሠፈሩ በተተከለው ትራንስፎርመር በኩል ነው። አንዱ ቦይለር 2 ኪሎዋት ያህል ሲስብ፥ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በአንድ መንደር ያሉ ቤቶች ሁሉ ማለዳ በአንድ ሰዓት ውሃ ማሞቅና እንጀራ መጋገር በጀመሩ ጊዜ፥ ግድቡ ሞልቶ ሳለ የሠፈሩ መብራት ሊጠፋ ይችላል።

የወጪውም ነገር ሊታሰብ ይገባዋል። 80 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ በየቀኑ የተደረገ እንደሆነ በወር ወደ 120 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ዋጋ ደግሞ ፍጆታው በበዛ መጠን የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ሒሳብ ከፍ እንዲል ሆኖ የተደነገገ ስለ ሆነ፥ ሙቅ ውሃ የሚወዱ ቤተ ሰቦች የመብራታቸውንም የምጣዳቸውንም ሒሳብ አብረው ያስወድዳሉ። ከዚህም በቀር ቦይለሩን የሚተክለው ሠራተኛ የመሬት ሽቦ ማሰሩን መመርመር የግድ ነው። የቦይለሩን ዋጋ ተከራክሮ ያስቀነሰ ብዙ ነው፤ ስለ መሬት ሽቦው የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ከኤሌክትሪክ አስቀድሞ መታሰብ የነበረበት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ አገር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን የሚወርደው የፀሐይ ኃይል በዓመት አማካይ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ነው። 2 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ማሞቂያ ከዚህ ግማሹን ብቻ ቢይዝ፥ ከላይ የተነገረውን 80 ሊትር ውሃ አሙቆ ይተርፈዋል። አሠራሩም ቀላል ነው፤ የሞቀ ውሃ ከቀዝቃዛው ስለሚቀል በራሱ ወደ ላይኛው በርሜል ይወጣል፥ ቀዝቃዛውም ወርዶ ይተካዋል፤ ሞተር አያስፈልገውም። በሐምሌና በነሐሴ ደመና በበዛ ጊዜ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የጎደለውን ይሞላል።

እንከን የለበትም ማለት ግን አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሠፈር ማሞቂያው ባዶውን በፀሐይ ሲግል ውሎ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባበት የመስተዋቱ ቱቦ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከማሞቂያው ከፍ ብሎ የተቀመጠ የውሃ ታንከር ያስፈልገዋል። እንደ ደብረ ብርሃን ውርጭ በሚጥልበት አገርም ቱቦው በብርድ እንዳይፈነዳ የሚከላከል ዓይነት መምረጥ ያሻል። ከአየር ሙቀት እየሳበ በጥቂት ኤሌክትሪክ ብዙ ውሃ የሚያሞቅ መሣሪያም አለ፤ ለደጋው አየር የሚስማማ ነው፤ ነገር ግን መግዣው ውድ ነው፥ በተበላሸም ጊዜ የሚያድሰው ባለሙያ እንደ ልብ አይገኝም።

የክፍል ማሞቂያ ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ነፍስን የሚነካ ነውና። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ በጠና ጊዜ በብዙ ቤት የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ ከሁሉ ይልቅ በአራስ ቤት። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላ አይጎዳም የሚለው አሳብ ፍጹም ስሕተት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላው ፍም ይወጣል። ደምም ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውዬው ራሱን ያመዋል፥ ይደክመዋል፥ እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ ይተኛል፤ በርና መስኮት ተዘግቶ የነጋ እንደሆነም ላይነሣ ይችላል። የንስሐ አባት አራሷን ጸበል ሊረጭ በገባ ጊዜ ማንደጃው ይውጣ፥ መስኮቱም ይከፈት ቢል፥ ከሐኪም ማስታወቂያ ይልቅ ቃሉ ይሰማል።

ለዚህ ብርድ መድኃኒቱ በአመዛኙ በቤቱ አሠራር ላይ ነው። የጭቃ ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት እስከ ሌሊት ያቆይ ነበር፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ፀሐይ በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ፥ ሰፊው መስኮት ወደ ደቡብ የተከፈተ ቤት ያለ ምንም ማገዶ ሙቀት ያገኛል። ጣራው ኮርኒስ ቢለብስ፥ የበሩና የመስኮቱ ስንጥቅ ቢደፈን፥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ግን ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አከራዩ ርካሹን ቦይለር ይገዛል፥ ሒሳቡን በየወሩ የሚከፍለው ግን ተከራዩ ነው። በጋራ መኖሪያ ቤት ደግሞ ጣራው የሁሉ ስለ ሆነ አንዱ ነዋሪ ብቻውን ማሞቂያ ለመትከል ቢነሣ ጎረቤት ይከራከረዋል፤ ቢፈቀድለትም ከጣራው እስከ ቤቱ የሚወርድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ የለም። እስራኤል ይህን ነገር ለተከራይ ፈቃድ አልተወችውም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ባወጣችው ሕግ አዲስ መኖሪያ ቤት የሚሠራ ሁሉ፥ በጣም ረጃጅም ከሆኑት ሕንፃዎች በቀር፥ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲያኖርበት አዘዘች። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተ እስራኤል በየጣራው ላይ በርሜልና መስተዋት ተደርድሮ ያገኙት ስለዚህ ነው።

በአዲስ አበባም ፕላን የሚያጸድቁ ሹማምንት፥ የካህናት ቤትና የሚከራይ ሕንፃ የሚያሠሩ የሰበካ ጉባኤያትም ለአሁኑ ከባድ ነገር አይጠየቁም። ማሞቂያውን የሚገዛ ባይገኝ እንኳ፥ ከጣራው ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚወርደው ቧንቧ ግድግዳው ሳይለሰን ይቀበር፤ በጣራውም ላይ ለእያንዳንዱ ቤት 2 ካሬ ሜትር ስፍራ በውሉ ይጻፍለት። ልስኑ ከደረቀ በኋላ የሚገባ ቧንቧ ግድግዳ አስፈርሶ ነው የሚገባው።