ጥፋቱ የታካሚው ብቻ አይደለም

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን በብዛት የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። መኖሪያው አንጀት ሲሆን ወደ ሽንት ፊኛ የሚገባውም ከዚያው ተነሥቶ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተካሄዱ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ይህ ባክቴሪያ አምፒሲሊንን፣ አሞክሳሲሊንንና ኮትሪሞክሳዞልን በሰፊው ተላምዷል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንንም እየተላመደ ነው። ለዚህ የሚሰጠው የዘወትር ማብራሪያ ታካሚውን ይወቅሳል፦ ሻል ሲለው ኪኒኑን ያቋርጣል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገዛል፣ ከጎረቤት ይቀበላል። ይህ ሁሉ አለ። ካርድ አውጥቶ፣ ተመርምሮ፣ በማዘዣ የሚወሰደው መድኃኒት ያለው ድርሻ ግን እምብዛም አይነሣም።

እንደ ደብረ ወርቅ ባለ የወረዳ ከተማ ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። አጨዳ ላይ ሲያጎነብስ የሰነበተ ገበሬ ወገቡን ሲያመው «ኩላሊቴን አመመኝ» ብሎ ይመጣል። ሽንት ይሰጣል፤ ላቦራቶሪው በማይክሮስኮፕ አይቶ ጥቂት የመግል ሴልና ባክቴሪያ መኖሩን ይጽፋል። ወረቀቱን ያየው ባለሙያ «ሽንትህ ላይ ኢንፌክሽን አለ» ይልና ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) ያዝዛል። ሽንቱ ያቃጥለው እንደሆነ፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣበት እንደሆነ፣ ያተኩሰው እንደሆነ ሳይጠየቅ ይቀራል።

ይህ አሠራር ስሕተት ነው። ሳይታጠቡና የመጀመሪያውን ሽንት ሳያፈሱ የተሰጠ ናሙና የቆዳ ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል፤ በሴቶች ናሙና ውስጥ የሚታየው የመግል ሴል ከብልት ፈሳሽ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጠረጴዛ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሽንት ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያ ይራባል። ባክቴሪያው በእርግጥ ፊኛ ውስጥ ቢኖር እንኳ፣ ምልክት እስከሌለ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና አያሻውም። በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን ላይ ይህ የተለመደ ነገር ነው። ነፍሰ ጡሮች ከዚህ ይለያሉ፤ ምልክት ባይኖራቸውም ካልታከሙ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል።

ያላስፈለገ ሲፕሮ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው አንጀት ውስጥ ነው። መድኃኒቱ የሚሸነፍለትን ኢ. ኮላይ ይገድላል፤ የሚያጠቃውን ኢንዛይም በሚውቴሽን የለወጡት ይተርፋሉ፤ ቦታውም ለእነርሱ ይለቀቃል። ከወራት በኋላ እውነተኛ ኢንፌክሽን ቢነሣ ወደ ፊኛ የሚወጡት እነዚሁ ሊሆኑ ይችላሉ። ገበሬው አንዲት ኪኒን ሳያስቀር ጨርሶም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ «መድኃኒታችሁን ጨርሱ» የሚለው የጤና ትምህርት፣ ኪኒኑ ከመጀመሪያው መታዘዝ ነበረበት ወይ የሚለውን ጥያቄ አልፎት ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሲፕሮፍሎክሳሲንን በጥንቃቄ ሊታዘዙ ከሚገባቸው አንቲባዮቲኮች መድቦታል። ናይትሮፉራንቶይን ግን በመጀመሪያ ደረጃ ሊታዘዙ ከሚችሉት ወገን ነው፤ ሽንት ውስጥ ስለሚከማች የአንጀትን ባክቴሪያ ብዙም አይነካም፤ ኢ. ኮላይም እስካሁን በአብዛኛው ይሸነፍለታል። ለፊኛ ኢንፌክሽን እንጂ ለኩላሊት እንደማይሆን ግን መታወቅ አለበት።

ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚያሸንፈው የሚለይ ምርመራ፣ በሌለበት ከሩቅ ቀበሌ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይቻልም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ክብደት ያለው ነገር ነው፤ የካልቸር ውጤት ቢያንስ 1 ወይም 2 ቀን ይፈልጋል፣ ደብረ ማርቆስ ወዳለው የዞኑ ሆስፒታል መላክም ወጪ ነው። ሆኖም ሽንት የሚያቃጥላትና ቶሎ ቶሎ የሚመጣባት፣ የብልት ፈሳሽ የሌላት ወጣት ሴት ያለ ካልቸርም ልትታከም ትችላለች። ትኩሳትና የጎን ሕመም ያለው ሰው ደግሞ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። መከራከሪያው የማይሠራው ወገቡን ብቻ ለሚያመው ገበሬ ነው፤ እርሱ የሚያስፈልገው የሕመም ማስታገሻ፣ ካተኮሰው ወይም ሽንቱ ካቃጠለው እንዲመለስ የሚነገር ምክር፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት የሚጠየቁ እነዚያ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። በዞኑ ሆስፒታል የሚሠሩ የካልቸር ውጤቶች በየዓመቱ በመድኃኒት ዓይነት ተጠቃልለው ለየወረዳው ጤና ጣቢያ ቢላኩ፣ በእርግጥ መታከም ላለበት ሰው የሚታዘዘው መድኃኒት በግምት መመረጡ ይቀር ነበር።