ውድ ስልክ ለምን?

አቃቂ ቃሊቲ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ስልክ ቶሎ ያረጃል፤ የቻርጀር መሰኪያው በብረት ብናኝ ይደፈናል፣ ስክሪኑም ይጫጫራል። ስለዚህ አቧራና ውሃ የማያስገባ ጠንካራ ቀፎ እዚህ ቅንጦት አይደለም። ለእሱም፣ ሳምሰንግ በጥር 2016 ለጋላክሲ ኤስ24 ቃል ለገባው የ7 ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያም ጠቀም ያለ ገንዘብ ቢከፈል አልቃወምም። አፕል በዚያው ዓመት መስከረም አይፎን 15 ፕሮን ቲታኒየም ማልበሱ ግን ለሠራተኛው ምን ጨመረለት? ኑሯችንን ያቀለለው ፈጠራ ሁለት ሲም ነው። በ2015 መስከረም ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር፣ እዚሁ አገር የተገጣጠመ ቴክኖ የያዘ ሰው ሌላ ቀፎ ሳይገዛ ሁለተኛውን መስመር አስገብቶ ደወለ። የወራት ደመወዝ የሚጠይቅ ስልክ የሚሸጥልን ቢያንስ ይህን ያህል ይጥቀመን።