የጥራት ማሻሻያ ሥራ ከማዋለጃ ክፍሉ ሲጀመር

በኢትዮጵያ የጤና አገልግሎትን ለኅብረተሰቡ ተደራሽ ለማድረግ ባለፉት ዓመታት የተካሄደው ጥረት ተጨባጭ ውጤት ማስገኘቱ ይታወቃል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሠለጠኑ ሴት ባለሙያዎችን እስከ ገጠር ቀበሌ አድርሷል። የጤና ጣቢያዎችና የሆስፒታሎች ቁጥርም በተከታታይ አድጓል። በዚህም መሠረት በጤና ተቋም የሚከናወነው ወሊድ ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2005 ከነበረበት 5 በመቶ በ2016 ወደ 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 በመቶ ከፍ ማለቱን በየጊዜው የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ያመለክታሉ።

ይሁንና እነዚሁ ጥናቶች ሌላም ገጽታ ያሳያሉ። በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ የሚሞቱ ጨቅላ ሕፃናት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2005 ከ1 ሺህ በሕይወት ከተወለዱት ውስጥ 39 የነበረ ሲሆን፣ በ2016 የወረደው ወደ 29 ነው። ወደ ጤና ተቋም የሚመጡት እናቶች ድርሻ ከአምስት እጥፍ በላይ ሲያድግ የጨቅላ ሕፃናት ሞት የቀነሰው በሩብ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ለልዩነቱ በርካታ ምክንያቶች ቢኖሩም፣ እናቲቱ ከደረሰች በኋላ የምታገኘው አገልግሎት ጥራት አንዱና ዋነኛው መሆኑ አያጠያይቅም።

ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች በሕክምና ሊታደጉ ይችሉ ከነበሩት ሕሙማን መካከል በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ያህሉ ሕይወታቸውን የሚያጡት ወደ ጤና ተቋም ሄደው ተገቢውን ሕክምና ባለማግኘታቸው እንደሆነ ገልጿል። ጭራሽ አገልግሎቱን ሳያገኙ የሚሞቱት 3.6 ሚሊዮን መሆናቸውን ያስቀመጠው ይኸው ሪፖርት፣ ከተደራሽነት ባሻገር ጥራት የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን አረጋግጧል።

በአገር አቀፍ ደረጃ ጉዳዩ ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ አልቀረም። በ2002 ዓ.ም. የሆስፒታሎች ማሻሻያ ትግበራ መመሪያ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጥምረት ለጥራት፣ የተሻለ አፈጻጸም ያላቸው ሆስፒታሎች በአካባቢያቸው ላሉ ሌሎች ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ መድረክ ከፍቷል። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተተገበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድም ጥራትንና ፍትሐዊነትን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ ወስዷል። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የሚዘልቅ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጥራት ስትራቴጂ ተዘጋጅቶም ሥራ ላይ ውሏል።

መመሪያና ስትራቴጂ መኖሩ መልካም ነው። ሆኖም በአንድ ወረዳ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል “የጥራት ማሻሻያ ፕሮጀክት ጀምሩ” ሲባል ከየት ይነሣ? በተግባር ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የሚጀመረው ኮሚቴ በማቋቋም፣ ሥልጠና በመስጠትና ሰፊ ዕቅድ በመጻፍ ነው። ዕቅዱ “የአገልግሎቱን ጥራት ማሻሻል” የሚል ሁሉን አቃፊ ዓላማ ይይዛል፤ ሪፖርቱም በወቅቱ ለበላይ አካል ይላካል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በሕሙማኑ ዘንድ ምን እንደተለወጠ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ ግልጽ ሳይሆን ይቀራል።

በመስኩ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው የማሻሻያ ሞዴል ከዚህ የተለየ መነሻ አለው። አሠራሩ ዋልተር ሼዋርትና ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባሉ አሜሪካውያን የስታቲስቲክስ ሊቃውንት በፋብሪካ ምርት ጥራት ላይ ካበረከቱት አስተሳሰብ የመነጨ ሲሆን፣ በአገራችን ከሚታወቀው ካይዘን ጋርም ዝምድና አለው። ሞዴሉ ማንኛውም ቡድን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንዲመልስ ይጠይቃል። ለማሳካት የተፈለገው ምንድን ነው? ለውጡ በእርግጥ መሻሻል ማምጣቱ በምን ይታወቃል? መሻሻል ሊያመጣ የሚችለውስ የትኛው ለውጥ ነው? ከዚያም የታሰበው ለውጥ በትንሹ ታቅዶ ይሞከራል፣ ውጤቱ ይጠናል፣ ከውጤቱ በመነሣትም ይስተካከላል ወይም ይሰፋል።

ለአብነት ያህል የአንድን ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል መውሰድ ይቻላል። አዲስ የተወለደ ሕፃን የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን እንዳለበትና ከዚያ በታች ሲወርድ ለሕይወቱ አስጊ እንደሚሆን የዓለም የጤና ድርጅት ያስገነዝባል። መከላከያውም ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ክፍሉን ቢያንስ በ25 ዲግሪ ሙቀት ማቆየት፣ ሕፃኑን ወዲያውኑ ማድረቅ፣ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኝቶ መሸፈን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ማስጀመርና ቢያንስ ለ24 ሰዓት ገላውን አለማጠብ ነው። ይህን የማያውቅ አዋላጅ ነርስ አይኖርም። ጥያቄው በየወሊዱ ይፈጸማል ወይ የሚለው ነው።

መልሱ የሚገኘው በመለካት ነው። ተረኞቹ ባለሙያዎች ለሁለት ሳምንት ያህል የተወለደውን ሕፃን ሁሉ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በኋላ ለክተው ቢመዘግቡና፣ ለምሳሌ ከ40 ሕፃናት 20ዎቹ ከ36.5 ዲግሪ በታች ሆነው ቢገኙ፣ ቡድኑ መነሻ መረጃ አገኘ ማለት ነው። በዚህም ላይ ተመሥርቶ “በአራት ወር ውስጥ የሚቀዘቅዙትን ሕፃናት ድርሻ ከ50 በመቶ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ማድረግ” የሚል፣ በቁጥርና በጊዜ የተወሰነ ግብ ማስቀመጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ግብ መድረስ አለመድረሱን የጽዳት ሠራተኛዋም ሆነች ኃላፊው እኩል ሊያዩት ይችላሉ።

ቀጣዩ እርምጃ ምክንያቱን ከቦታው መፈለግ ነው። በእንዲህ ዓይነት ክፍል የሚገኙት ምክንያቶች ብዙውን ጊዜ በዕቅድ ሰነድ ላይ የማይታዩ ናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉ ቶሎ እንዲደርቅ መስኮቱን ትከፍታለች። አዋላጇ እንግዴ ልጁ እስኪወጣ ስትጠብቅ ሕፃኑ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ደረቁ ጨርቅና ጋቢው ደግሞ በበሩ ላይ ጥበቃው ያስቆማቸው ቤተሰቦች እጅ ውስጥ ነው። በመሆኑም የጥራት ቡድኑ ሐኪምና ነርስ ብቻ ሊሆን አይገባም። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጥበቃውና በቅርቡ የወለደች እናት ጭምር የሚያውቁት ነገር አላቸው፤ መፍትሔውም ያለ እነርሱ አይጸናም።

የመፍትሔ ሐሳቡ የሚሞከረው በአንድ ጊዜ በተቋሙ ሁሉ አይደለም። እናቲቱ ወደ ማዋለጃ ስትገባ ሁለት ደረቅ ጨርቆች አብረዋት እንዲገቡ በአንዲት አዋላጅ ተራ፣ በአንድ ቀን መሞከር ይበቃል። ካልሠራ የጠፋው አንድ ቀን ነው፤ ከሠራ በሌሎች ተረኞች ይሞከራል። የየሳምንቱ ውጤት በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ቀላል መስመር ሲታይ ሠራተኛው የራሱን ሥራ ፍሬ ያያል። ለሕፃኑ የተሰጠው ትኩረት የእናቲቱን የደም መፍሰስ ክትትል እንዳያጓድልም ጎን ለጎን መታየት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ መረጃ የሚሰበሰብበት ዓላማ ወሳኝ ነው። የመነሻው ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘበት ክፍል የሚወቀስና የሚቀጣ ከሆነ በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ያምራል፤ ሕፃናቱ ግን ይቀዘቅዛሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፣ ጉድለቱን በግልጽ ያወጣ ተቋም ሊመሰገን እንጂ ሊሸማቀቅ አይገባም።

ሠራተኛውን ከጎን ሳያሰልፉ ትክክለኛ መፍትሔ ብቻውን እንደማይበቃ ታሪክም ይመሰክራል። ኢግናዝ ሰሜልቫይስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ከተማ የማዋለጃ ክሊኒክ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ ሲያደርግ፣ በሚያዝያ ወር 18 በመቶ ገደማ የነበረው የወላዶች ሞት በሐምሌ ወደ 1 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ቁጥሩ ይህን ያህል ግልጽ ቢሆንም ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ሐኪሙም በ1850 ከተማዋን ለቆ ወጣ፤ አሠራሩ ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስም ብዙ እናቶች አለቁ።

ከዚህ አኳያ የተቋም ኃላፊዎች ድርሻ የላቀ ነው። ቡድኑ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚገናኝበትን ሰዓት መፍቀድ፣ የጠፋውን የሙቀት መለኪያ መተካት፣ የጥበቃውን መመሪያ ማስተካከል የሚችሉት እነርሱ ናቸው። የሠለጠነ ባለሙያ ሲዛወር ሥራው አብሮት እንዳይሄድ፣ ውጤታማ የሆነው አሠራር ለአዲስ ገቢ በሚሰጠው ማስተዋወቂያና በተረኞች ርክክብ ውስጥ መካተት አለበት። በአንዱ ተቋም የተገኘው ትምህርትም በሆስፒታሎች ጥምረት መድረክ ለጎረቤት ተቋማት ሊደርስ ይገባል።

እርግጥ ነው፣ የጥራት ማሻሻያ ፕሮጀክት የበጀት፣ የመድኃኒትና የሰው ኃይል እጥረትን አይተካም። መብራት በተቋረጠበት ወይም አንዲት አዋላጅ ብቻዋን ሌሊቱን በምታድርበት ተቋም ውስጥ ትጋት ብቻውን ወሰን አለው። ይሁን እንጂ ችግሩን በቁጥር ያወቀ ተቋም የሚያቀርበው ጥያቄ ክብደት ይኖረዋል። በእጁ ያለውን አስተካክሎ የቀረውን የሚጠይቅ በመሆኑም ምን እንደሚያስፈልገው ለይቶ ማሳየት ይችላል።

እናቶች ወደ ጤና ተቋም እንዲመጡ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዓመታት ቤት ለቤት ቀስቅሰዋል። ጥሪውን ሰምታ የመጣች እናት ልጇን በሕይወት ታቅፋ ስትመለስ ለጎረቤቶቿ የምትነግረው ቃል ከማንኛውም ቅስቀሳ ይበልጣል። ባዶ እጇን ከተመለሰችም እንዲሁ ትናገራለች። በመሆኑም እያንዳንዱ ጤና ተቋም አንድ ችግር መርጦ፣ ለክቶና ከሠራተኞቹ ጋር መክሮ ዛሬውኑ መጀመር ይጠበቅበታል። ሁለት ሳምንት፣ አንድ መዝገብና አንድ የሙቀት መለኪያ ለመነሻ ይበቃሉ።