ከሌንሱ በፊት እግሩን፦ ለወልዲያና ለመርሳ ሰማይ የሚበጀው ቴሌስኮፕ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት፣ ጨረቃ የፀሐይን መሐል ሸፍና ዳር ዳሯን ብቻ ያስቀረችበት የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ ላይ አልፏል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ትልቅ ግርዶሽ አለ። የሙሉው ጨለማ መስመር በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አድርጎ ወደ ሶማሊያ ጫፍ ይሻገራል፤ ሉክሶር አካባቢ ከ6 ደቂቃ በላይ ቀኑ ይጨልማል። ሰሜን ወሎ ላይ የሚታየው ከፊሉ ነው። እሱም ደመናው ከፈቀደ ነው፤ ሐምሌ በወሎ ክረምት ነውና።

እንዲህ ያለ ቀን በቀረበ ቁጥር «ቴሌስኮፕ የት ይገኛል? ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ይበዛል። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ከሚጻፈው «525 ጊዜ ያጎላል» ከሚለው ቁጥር ይጀምራል፤ በዚያ ቁጥር ተስቦ የተገዛ ዕቃ ሁለት ሦስት ምሽት ካገለገለ በኋላ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ አቧራ ይለብሳል። ወልዲያ፣ ሲሪንቃ፣ መርሳ ወይም ውርጌሳ ተቀምጦ ለመጀመሪያ ቴሌስኮፑ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው በቅድሚያ ማሰብ ያለበት ስለ መቆሚያው ነው። ሌንሱ ይከተላል። ለማጉላት ቁጥሩ ግን አንድም ሳንቲም መክፈል የለበትም።

የማጉላት ስሌቱ ተራ ማካፈል ነው። የፊት ሌንሱ የትኩረት ርቀት በዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ይካፈላል። 700 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ቴሌስኮፕ ባለ 25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ሲገባለት 28 ጊዜ፣ ባለ 10 ሲገባለት 70 ጊዜ ያጎላል። ባለ 4 ቢገባለት 175 ይሆናል፤ ይህ ግን በወረቀት ላይ ነው። በተግባር አንድ ቴሌስኮፕ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ እጥፍ እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው፤ ለ70 ሚሊ ሜትር ሌንስ 140 ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ምስሉ እየተለቀ ይደበዝዛል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም። ዋናው የሌንሱ ስፋት ነው። በጨለማ የተከፈተ የወጣት ዓይን ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከዚያ 100 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል።

70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለጀማሪ ለምን ይበቃል? ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 የጁፒተርን ጨረቃዎች ያገኘው 20 ጊዜ በሚያጎላ፣ ዛሬ ካለው ርካሽ ቴሌስኮፕ በጥራት እጅግ በሚያንስ መሣሪያ ነበር። በ70 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ አራቱ ጨረቃዎች በግልጽ ይታያሉ፤ በጁፒተር ገጽ ላይ ያሉት ሁለቱ ጥቁር መቀነቶችም ይለያሉ። የሳተርን ቀለበት ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በጠርዙ ወደ እኛ ዞሮ ስለነበር የክር ያህል ቀጥኖ ነበር፣ አሁን ግን ከዓመት ዓመት እየተገለጠ ነው። የጨረቃ ጉድጓዶች፣ የቬነስ እንደ ጨረቃ መጉደልና መሙላት፣ በኦሪዮን ውስጥ ያለው የጋዝ ደመና ሁሉ በዚህ ሌንስ ይደረስባቸዋል።

አንድ ሌላ ኮከብም አለ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የሚባለው ኮከብ «ቡና»፣ የምትዞረው ፕላኔት «አቦል» ተባሉ። ቡና በአንድሮሜዳ የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው፤ በባዶ ዓይን ለማየት ጥቂት ይደክማል፣ በ70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ከወልዲያ ወደ ሰሜን ዞሮ ቀና ላለ ሰው ጥሩ ከፍታ ላይ ይገኛል። አቦልን በእንዲህ ያለ መሣሪያ ማየት አይቻልም፤ ፀሐይዋን ማየት ግን ይቻላል። አንድ የመርሳ ተማሪ አገሩ ስም ያወጣችለትን ኮከብ በገዛ ዓይኑ ለማየት ወደ እንጦጦ የሰማይ ምልከታ ጣቢያ መሄድ አያስፈልገውም።

የእንጦጦው ጣቢያ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ልፋት ፍሬ ነው። የአዲስ አበባ መብራት ግን ከሥሩ ነው፤ ለሚቀጥለው ጣቢያ የላሊበላ ዙሪያ ተራሮች የታሰቡትም የተሻለ ሰማይ ፍለጋ ነው። ባለሙያዎች የተመኙት ሰማይ ለሰሜን ወሎ ነዋሪ ከደጃፉ አለ። ሰማይን መቁጠርም ለዚህ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ የባሕረ ሐሳብ መምህራንና የረመዳንን ጨረቃ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች በአንድ ወረዳ ይኖራሉ። በግዕዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክም ስለ ፀሐይና ጨረቃ ጉዞ የሚናገር ሰፊ ክፍል አለው።

አሁን ወደ እግሩ። 70 ጊዜ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ የመቆሚያውን መንቀጥቀጥም 70 ጊዜ ያጎላል። የምስል ማስተካከያውን ቁልፍ ሲነኩት ጁፒተር እየዘለለ ከዓይን ከጠፋ ሌንሱ ከየትኛውም ፋብሪካ ቢወጣ ዋጋ የለውም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዳንዚጉ ዮሐንስ ሄቬሊዩስ 46 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቴሌስኮፕ ሠርቶ ነበር። በጊዜው የነበረው ሌንስ በምስሉ ዙሪያ ቀለም ስለሚያፈስ ይህን ለመቀነስ የትኩረት ርቀቱን ማስረዘም ግድ ነበር። ግዙፉ መሣሪያ በምሰሶ ላይ በገመድ ተሰቅሎ ነፋስ በነካው ቁጥር ይወዛወዝ ስለነበር ብዙም ሳይጠቅም ቀረ። ከሌንሱ ችግር ይልቅ የመቆሚያው ችግር በረታ። በዛሬ ርካሽ ካርቶን ውስጥ ያሉት እንደ ብዕር የቀጠኑ የአሉሚኒየም እግሮች የሚደግሙት ያንኑ ታሪክ ነው።

የመቆሚያው ዓይነት ላይ የወልዲያ ገዢ ከለንደንና ከኒውዮርክ ገዢ ጋር አንድ ምክር መከተል የለበትም። መቆሚያ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚዞረው ቀላሉ ነው። ሁለተኛው ኢኳቶሪያል የሚባለው፣ አንዱ ዘንጉ ወደ ሰማይ ምሰሶ ተነጣጥሮ የከዋክብትን ጉዞ በአንድ ቁልፍ የሚከተለው ነው። ሁለተኛው ሲታይ የባለሙያ ዕቃ ይመስላል፤ ብዙ ጀማሪም ይማረክበታል። ነገር ግን ዘንጉ መነጣጠር ያለበት በቦታው ኬክሮስ ልክ ነው፤ ወልዲያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ አካባቢ ናት። የሰሜን ኮከብም ከአድማሱ የሚነሣው 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ክንድን ዘርግተው ጨብጠው ቢለኩት ከአንድ ጭብጥ እምብዛም አይዘልም። ተራራ ለከበባት ከተማ ይህ ማለት ብዙ ግቢ ውስጥ ኮከቡ ጭራሽ አይታይም ማለት ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ኢኳቶሪያል መቆሚያዎች ደግሞ የተነደፉት ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ኬክሮስ ስለሆነ እስከ 12 ዲግሪ ሲያጎነብሱ ማመዛዘኛው ብረት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ በዚህ አገር፣ በዚህ በጀት፣ ለጀማሪ ኢኳቶሪያል አይመከርም። ቀላሉ ይበቃል። በ70 ጊዜ ማጉላት አንድ ፕላኔት ከእይታ እስኪወጣ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይቆያል፤ ከዚያ በጣት ገፋ ማድረግ ነው።

የቀላሉ መቆሚያ ደካማ ጎንም መነገር አለበት። በዚህ ኬክሮስ ፕላኔቶች ብዙ ጊዜ በአናት ላይ ያልፋሉ፤ ረጅም ቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲነጣጠር የታችኛው ጫፉ ከእግሩ ጋር ይላተማል። ለዚህ ነው 700 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ቱቦ 900 ካለው የሚመረጠው። ብርሃኑን በ90 ዲግሪ የሚያጥፈው ባለመስታወት ክርንም የግድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተመልካቹ መሬት ላይ መተኛት ሊኖርበት ነው። ቱቦው ካልደረሰ ደግሞ አንድ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነው፤ ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል።

ጥሩ መቆሚያ ከውጭ ማስመጣት ግዴታ አለመሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ በሚገኝ ባለ 2 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ፣ በኤልቦ፣ በቲና በኒፕል በሁለት አቅጣጫ የሚዞር መቆሚያ መሥራት ይቻላል፤ ጥርሱ በግራሶ ታሽቶ በልኩ ሲጠብቅ ራሱ መዞሪያ ይሆናል። በሌላው ዓለም ብዙ ጀማሪዎች ሠርተው የተጠቀሙበት ዘዴ ነው። እግሮቹን የወልዲያ ወይም የመርሳ አናጢ በደንብ ከደረቀ ወፍራም እንጨት ሊሠራቸው ይችላል፤ እንጨት ንዝረትን ከቀጭን አሉሚኒየም በተሻለ ይውጣል። በሦስቱ እግሮች መሐል አሸዋ የሞላ ጆንያ ቢንጠለጠል ነፋሱም አያስቸግርም። ፈተናው አንድ ነው፤ ቱቦውን በጣት መታ አድርጎ መቁጠር። በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ከረጋ መቆሚያው መቆሚያ ነው።

በመስታወት የሚሠራ ቴሌስኮፕ በዚያው ዋጋ ሰፋ ያለ ብርሃን መሰብሰቢያ ይሰጣል፤ ይህ እውነት ነው። ግን መስታወቶቹ በኮሮኮንች መንገድ ይዛነፋሉ፣ በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋሉ፣ ቱቦው ክፍት ስለሆነ የሐብሩ ወረዳ የበጋ አቧራ ይገባበታል። ሪፍራክተር የሚባለው ባለሌንሱ ቴሌስኮፕ ፊቱ የተዘጋ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ ለዓመታት አይነካም። ቀን ቀን ተራራና ወፍ ለማየትም ያገለግላል። በዚህ ዋጋ ያለ ሌንስ በቬነስ ዙሪያ ሐምራዊ ጥላ ማሳየቱ አይቀርም፤ ሆኖም የትኩረት ርቀቱ የስፋቱ አሥር እጥፍ ከሆነ ጥላው አያስቸግርም። አጭሩ ባለ 400 ሚሊ ሜትር የጉዞ ቴሌስኮፕ ላይ ግን ይጎላል። የዓይን ሌንሱ መግቢያ ባለ 1.25 ኢንች መሆኑንም ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ጠባቡ የድሮ ልክ ወደፊት ሌላ ሌንስ ለመጨመር አያመችም።

ዋጋው ይከብዳል። ሴለስትሮንና ስካይዋቸር የመሳሰሉት ኩባንያዎች የሚያወጡት ባለ 70 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ በውጭ ገበያ 150 ዶላር አካባቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይህ ከ9,000 ብር በታች ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አልፎ ዋጋው ወደ እጥፍ ተጠጋ። ከሐብሩ ብዙ ወጣት ወደ ዓረብ አገራት ሄዷል፤ ለበዓል የሚመጣ ዘመድ ቱቦውን ብቻ በልብስ ጠቅልሎ ከእጅ ሻንጣው ጋር ቢያመጣ፣ እግሩ እዚህ ቢሠራ፣ ወጪው ይቀላል። ለዚያም ካልበቃ ባለ 10 በ50 የሩቅ ማያ መነጽር (ባይኖኩላር) ጥሩ መነሻ ነው።

የሚቀጥለው ነገር ከዋጋ በላይ ነው። ቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ ከተነጣጠረ ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል። ከአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣው፣ የዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዘው ጥቁር ብርጭቆ በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ገና ከካርቶኑ ሲወጣ መሰባበር አለበት። ፀሐይን ለማየት የሚያገለግለው ከፊት ሌንሱ በፊት የሚገጠም ትክክለኛ ማጣሪያ ብቻ ነው። እሱ ከሌለ የሐምሌው ግርዶሽ በካርቶን ቀዳዳ ወረቀት ላይ ይታይ፤ ቴሌስኮፑ ከቤት አይውጣ። በአሁኑ የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ በእግር ላይ የቆመ ቱቦ በጨለማ ከሩቅ ሌላ ነገር ሊመስል ይችላል። ከግቢ ሳይወጡ፣ በጊዜ፣ ጎረቤትና የሰፈሩ ጥበቃ አውቆት ማየት የግድ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ወልዲያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲው ብዙ ንብረት አጥተዋል። ቤተ ሙከራ መልሶ ማደራጀት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አንድ ባለ 70 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ግን የአንድ ክፍል ወላጆች ተዋጥተው የሚገዙት ነው። መቆሚያውን የሙያና ቴክኒክ ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በወልዲያም በመርሳም ግቢ አለው፤ የፊዚክስ መምህራኑ በዓመት አንድ ምሽት ግቢውን ለከተማው ልጆች ቢከፍቱ ብዙ ወጪ የለበትም። ክረምቱ ወጥቶ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል። የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን መዋጮውን በመስከረም ይጀምሩ፤ አናጢውንም ያን ጊዜ ያነጋግሩ።