ጓዳው ይታይ

አዲስ አበባ ውስጥ በርገር የሚሸጡ አንዳንድ አዳዲስ ቤቶች ግድግዳቸውን ሳይለስኑ፣ ሳንቃቸውን ሳያስልጉ መክፈት ይዘዋል። ጡቡ አፍጥጦ ይታያል፤ መቀመጫው ዱካ፣ ገበታው ግንድ ነው። ደንበኛው ገጠር የገባ ይመስለዋል፤ ከበርገሩ ጋር ለዚያም ስሜት ይከፍላል። ራቤል ላይ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ አግዳሚ ወንበርና በመጋረጃ የተከለለ ጓዳ ያላት ምግብ ቤት ግን ማንም ለጌጥ ብሎ የሠራት አይደለችም። አቅም የፈቀደው ያንን ያህል ስለሆነ ነው።

ራቤል ከመንዝ በስተሰሜን፣ ወደ ደቡብ ወሎ የተጠጋችው የጊሼ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ለመሬት ጉዳይ፣ ለሕክምና፣ ለገበያ የሚመጣው ገበሬ ብዙውን ጊዜ ገደል ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ በእግሩ ይደርሳል። በሶውንና ቆሎውን ቋጥሮ የሚመጣ አለ፤ ጉዳዩ ለነገ ከተባለ ግን ስንቁ ያልቅበታል። ይህን ሰው፣ ደመወዙ ወር የማያደርሰውን መምህር፣ ከመኪና የወረደውን መንገደኛ የምታበላው ትንሿ ምግብ ቤት ናት። በርገር በሌላው ዓለም ለሠራተኛና ለመንገደኛ የሚሰጠውን አገልግሎት እዚህ በጾም ሽሮ፣ በፍስክ የበግ ጥብስ ይሰጡታል፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ትኩስ ነው፣ ያጠግባል።

መስተንግዶውን ደግሞ የትም ከተማ አታገኘውም። ስትገባ የተቀመጡት ከወንበራቸው ከፍ ብለው "ኖር!" ይላሉ፤ "በእግዜር" ትላለህ። ልጅቷ ጆግና ሳፋ ይዛ ታስታጥብሃለች። ባለቤቷ ከጓዳ ብቅ ብላ "ና ልጄ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በል፣ ብርድ መቶሃል" ትላለች። ሽሮው እየተንተከተከ በድስቱ ይመጣል። ከጎንህ ያለው የማታውቀው ሰው "እንብላ" ሳይል አይጎርስም። ገንዘብ ያጠረውን ባለጉዳይ "ለገበያ ስትመጣ ትሰጠኛለህ፤ በሞቴ ብላ" ብላ ስታበላ አይቻለሁ። ጣይቱ ሆቴል በ1890ዎቹ ማብቂያ ሲከፈት በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ስለነበረ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው መክፈላቸው ይነገራል። እንጀራን መሸጥ ያሳፍር በነበረበት አገር፣ የራቤሏ ባለቤት ሽያጩንም እንግዳ ተቀባይነቱንም በአንድ እጅ ይዛለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሲነገርለት ግን አልሰማሁም።

የምንመሰግነው ገበታውን ብቻ ከሆነ ግን መጋረጃው ጀርባ ያለውን ሰው ረስተናል። የመንዝና የጊሼ ደጋ ዛፍ የተመናመነበት አገር ነው፤ ከባሕር ዛፍ በቀር ማገዶው በብዛት ኩበት ነው። ኩበት ከእንጨት ይልቅ ይጨሳል። ጓዳው መስኮት ከሌለው ጭሱ መውጫ የለውም፤ የሚወጣው በሴቲቱ ዓይንና ሳንባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ ሕመም እንደሞቱ ይገምታል። ማጀት የገባች እናት ሁሉ ያንን ጭስ ታውቀዋለች፤ በምግብ ቤት ግን ሥራው ከንጋት እስከ ማታ ነው። ኩበቱ ሲነድ ሌላም ነገር አብሮ ይነዳል። ለማሳው ሊሆን የሚገባው ፍግ በምድጃ ስለሚያልቅ መሬቱ ይደኸያል፤ ውርጭና የበልግ ዝናብ መጥፋት የሚፈታተኑት ገብስ ደግሞ በደከመ መሬት ላይ ይበልጥ ይቀጭጫል።

ሁለተኛው የማይታይ ቦታ በጉ የሚታረድበት ጓሮ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ላቱ ሰፊ፣ ብርዱን የቻለ ዝርያ ነው፤ በበዓል ሰሞን በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይወርዳል። በብዙ የወረዳ ከተሞች ለምግብ ቤት የሚሆነው በግ ባለሙያ ሳያየው በጓሮ ይታረዳል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ከተገኘ ለውሻ ይወረወራል። ክፉው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በእጢው ውስጥ ያለው ጥገኛ ተውሳክ በውሻው ሆድ ትል ሆኖ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ውሻውን በዳሰሰ እጅ፣ በተበከለ ውሃና በአትክልት በኩል ሰው ውስጥ ይገባና በሰው ጉበት ላይ ያንኑ እጢ ይሠራል። መከላከያው ውድ አይደለም። የታመመውን ክፍል ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል ነው።

የበርገር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ትምህርት አለው። በ1906 እ.ኤ.አ. አፕተን ሲንክሌር የተባለው ደራሲ የቺካጎን የሥጋ ፋብሪካዎች ቆሻሻ በልብ ወለድ ሲያጋልጥ አሜሪካውያን ደነገጡ፤ በዚያው ዓመት የሥጋ ቁጥጥር ሕግ ወጣ። የተፈጨ ሥጋ ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይታወቅ ይበልጥ ይፈራ ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ ከተማ የተከፈተው ኋይት ካስል ትንሿን ቤት ነጭ አድርጎ ሠራት፤ አብሳዩንም ደንበኛው ፊት አቆመው። በርገር በ5 ሳንቲም እየተሸጠ አገር ያዳረሰው በላተኛው ማብሰያውን በዓይኑ አይቶ ስለተማመነ ጭምር ነው። ዛሬ የገጠር ቤት ለመምሰል በሚጥሩ ቤቶች የሚሸጠው ምግብ ክብሩን ያገኘው ጓዳውን በመግለጡ ነበር።

ራቤል ነጭ ሕንፃ አያስፈልጋትም። ድንጋዩ ይቆይ፣ አግዳሚውም ይቆይ። የሚያስፈልገው ጭስ ማውጫ ያለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ቧንቧ የተገጠመለት የእጅ መታጠቢያ በርሜል፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ የጋራ ማረጃ ቦታና በጉን የሚያይ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ይህ ሁሉ የወረዳን አቅም የሚሰብር ወጪ አይመስለኝም። ለአንዲት ምድጃና ለአንድ በርሜል የሚሆን ብድር ትንሽ ነው፤ አበዳሪ ተቋማት ምግብ ቤት የያዙ ሴቶችን በቡድን አደራጅተው ሊደርሱላቸው ይችላሉ። ቁጥጥር ሲባል ደግሞ ቀጥቶ ማሸግ ብቻ እንዳይሆን። የታሸገች ምግብ ቤት ባለጉዳዩን ጾሙን ታሳድረዋለች፤ ሴቲቱንም ከነልጆቿ ከእንጀራዋ ትነቅላለች። የጤና ባለሙያው መጀመሪያ ያስተምራት፣ ቀጥሎ ያግዛት፣ ጊዜ ይስጣት፤ ከዚያ በኋላ ይቆጣጠራት።

እኛ በላተኞችም ድርሻ አለን። ሂሳብ ከፍለን ከመውጣታችን በፊት መጋረጃውን ገለጥ አድርገን "እጅሽ ይባረክ፣ እናቴ" እንበል፤ ጭሱን በዓይናችን እንይ፤ ያየነውንም በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስተን እንናገር።